የመቅደላው ልጅ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ

ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለአንድ ቀን ወደ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት እንድንሄድ ቲኬት የቆረጠችው ለልጇ ብላ ነው፡፡ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፡፡ ወሩ ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፡፡ እንግሊዞች ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ወደ ባሕር መሮጥ ይወዳሉ፡፡ አስጎብኚ ያለው አውቶቡስ ጧት ከለንደን ተነስቶ፣ በመርከብ ተሻግሮ፣ አንድ ገደልና አንድ የባሕር ዳርቻ አሳይቶ ማታ ይመልሳል፡፡ እሷ የፈለገችው አሸዋውን ነበር፡፡ እኔ ግን የደሴቲቱን ስም ስሰማ ሌላ የሰባት ዓመት ልጅ ትዝ አለኝ፡፡ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከሳውዝሃምፕተን እስከ ኢስት ካውስ ወደብ መርከቡ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፡፡ ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ ጣና በብዙ እጥፍ ይበልጣታል፡፡ ከመርከብ እንደወረድን አውቶቡሱ በኦስቦርን ቤተ መንግሥት በር በኩል አለፈ፡፡ አስጎብኚያችን ፀጉራቸው የነጣ ቀልደኛ አዛውንት ናቸው፡፡ ማይክሮፎኑን ይዘው ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው አልበርት ይህን የበጋ ቤት እንዴት እንዳሠሩት፣ ንግሥቲቱም በ1901 እዚሁ እንዳረፉ አወሩልን፡፡ ንግሥቲቱ ሰው ሳያያቸው ባሕር ይገቡባት ስለነበረችው ባለ ጎማ የእንጨት ክፍል እንኳ ነገሩን፡፡ ስለ ዓለማየሁ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም፡፡ እኔም ዝም አልኩ፡፡ ቀኑ ገና ነው፡፡

ዓለማየሁ በዚያ በር ገብቶ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በጁላይ 1868 ነው፡፡ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የመቅደላ አምባ ልጅ ነበር፡፡

የተወለደው በ1861 ነው፡፡ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ አባታቸውን ድል አድርጎ ያሰረውን ንጉሥ ነው ያገቡት፡፡ ትዳሩ የሰመረ እንዳልነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ፡፡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ፡፡ ልጃቸው ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር፡፡ ከዝርፊያው በኋላ ጦሩ እናትና ልጅን ይዞ ወደ ባሕር አዘገመ፡፡ እቴጌ ጥሩወርቅ ቀድሞም የታመሙ ነበሩ፤ ትግራይ ላይ መንገድ እንዳሉ በሜይ 1868 አረፉ፡፡ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ፡፡

በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም የሄዱበት ልጅ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጥቂት ቀርተውት ነበር፡፡ ከነዚህ አንዱ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ናቸው፡፡ መምህሩ ሆነው እስከ ግብፅ ተከተሉት፤ ከዚያ ግን ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ፡፡ አማርኛ የሚያውቅ አሳዳጊ ሆኖ የቀረው እንግሊዛዊው ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ ነው፡፡ ስፒዲ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ቀይ ጺም ያለው ሰው ነበር፡፡ ከጦርነቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር አሠልጥኗል፤ ያገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር፡፡ ልጁ በሌሊት እየደነገጠ ስለሚነሳ ከስፒዲ አጠገብ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፡፡

አውቶቡሱ መጀመሪያ የወሰደን ወደ ገደሉ ነው፡፡ ሻንክሊን ቻይን ይባላል፡፡ ቻይን ማለት በደሴቲቱ ሰዎች አነጋገር ጅረት አፈር ሰርስሮ ወደ ባሕር የወረደበት ሸለቆ ነው፡፡ ከ1817 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት የሆነ፣ እንግሊዞች በየትውልዱ እየመጡ የሚደነቁበት ቦታ ነው፡፡ ጥልቀቱ 32 ሜትር፣ ርዝመቱ 400 ሜትር ገደማ፡፡ እውነቱን ለመናገር ሳቄን ለማፈን ተቸግሬ ነበር፡፡ ወሎና ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለውን ሸለቆ ሰው ውኃ ሲቀዳ ወርዶ ይወጣበታል እንጂ ትኬት አይቆርጥበትም፡፡ ሆኖም ውብ ነው፡፡ ድንጋዩ ሽበት እንዳበቀለ ሁሉ ሙጭጭ ባለ አረንጓዴ ተሸፍኗል፤ ፏፏቴው ቀጭን ነው፤ አየሩ ቅዝቅዝ ይላል፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ሥር ወደ ፈረንሳይ ነዳጅ ለመላክ የተዘረጋው ቧንቧ በዚህ ሸለቆ በኩል ያልፍ ነበር፤ ቁራጩ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል፡፡ የአክስቴ ልጅ ልጅ ከገደሉ ይልቅ ቧንቧውን ወደደው፡፡

እኔ በዚያ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ስወርድ የማስበው በሽሎን ነበር፡፡ ከመቅደላ የወጣው ጦር በመጀመሪያ የተሻገረው በሽሎን ነው፤ ገደሉ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፡፡ ዓለማየሁ በዚያ ወርዶ በወዲያኛው አፋፍ ሲወጣ መቅደላ በእሳት ጋይቶ ከኋላው ቀርቷል፡፡ እናቱ ግን ገና ከእርሱ ጋር ነበሩ፡፡

ከሻንክሊን በደቡብ ጠረፍ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በነጭ ገደል አፋፍ ላይ ይሄዳል፡፡ በስተግራ ባሕር፣ በስተቀኝ የበግ መስክ፡፡ ፍሬሽወተር ቤይ የምትባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ላይ ለግማሽ ሰዓት ቆምን፡፡ ዳርቻዋ አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፡፡ ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ ያጉረመርማል፡፡ አስጎብኚያችን ገጣሚው ቴኒሰን እዚህ ሰፈር ይኖር እንደነበር፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም ጎረቤቱ እንደነበረች፣ ቤቷም ሙዚየም እንደሆነ ነገሩን፡፡ አሁንም ዓለማየሁ የለም፡፡

ዓለማየሁ ግን እዚህ ኖሯል፡፡ የስፒዲ እጮኛ ቤተሰቦች የዚህ ሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ስፒዲ ልጁን ይዞ የመጣው ወደነሱ ነው፤ በዲሴምበር 1868 አገባ፡፡ ካሜሮን ልጁንና ስፒዲን ፎቶ ያነሳችውም በዚያው በ1868 ነው፡፡

ወደ ሙዚየሙ ለመግባት ጊዜ አልበቃንም፡፡ ፎቶውን ግን በስልኬ ይዤ ስለነበር ጠጠሩ ላይ ተቀምጠን ለልጁ አሳየሁት፡፡ ነጭ ሸማ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ሐብል አለ፤ ዓይኑ ካሜራውን አያይም፡፡ ሌላው ፎቶ ላይ ስፒዲ ያገራችንን ልብስ ለብሶ ከጎኑ ተቀምጧል፡፡ ይህን ፎቶ በግሌ አልወደውም፡፡ ካሜሮን ትልቅ ባለሙያ ናት፤ ይሁንና እንግሊዛዊው ባህር ማዶ ያገኘውን ልብስ ለብሶ ሲደሰት፣ ልጁ ደግሞ ከዕቃዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ ቀርቧል፡፡ ግን ደግሞ ወደ ስፒዲ የተጠጋበትን ሁኔታ ስታዩ የሚጠጋበት ሌላ ሰው እንዳልነበረው ትረዳላችሁ፡፡

የሰባት ዓመቱ ልጅ ፎቶውን በጣቱ አሰፍቶ አየና ጥያቄ አከታተለብኝ፡፡ የሚጫወትበት ጓደኛ ነበረው ወይ፡፡ እናቱስ የት ናቸው፡፡ እኔ አማርኛ እያቀለልኩ፣ ሲያቅተው በእንግሊዝኛ እያገዝኩ ነገርኩት፡፡ በመጨረሻ ከዚያ በኋላ አገሩ ገባ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እናቱ በዓይኗ ገሰጸችኝ፡፡ አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ፤ ተገላገልኩ፡፡

የመጨረሻው ማረፊያችን አለም ቤይ ነው፡፡ የባሕር ዳርቻው ታላቅነት በገደሉ አሸዋ ላይ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ግራጫ ሆኖ በሰልፍ ቆሟል፡፡ ጎብኚ አሸዋውን በየቀለሙ በጠርሙስ ደራርቦ ይወስዳል፡፡ ባሕሩ ውስጥ ኒድልስ የሚባሉት ነጫጭ ሾጣጣ ቋጥኞች ከነመብራት ማማቸው ይታያሉ፡፡ ወደ ዳርቻው በአየር ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ይወረዳል፡፡ ልጁ ጠርሙሱን ለመሙላት ሲሮጥ እኔና እናቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ያቋረጠችኝንም ታሪክ ራሷ ጨርስልኝ አለችኝ፡፡

ጨረስኩላት፡፡ ስፒዲ በ1869 በፖሊስ ሥራ ወደ ህንድ ሲዛወር ልጁን ይዞት ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፔናንግ፡፡ ባለቤቱ እንደ እናት፣ እርሱ እንደ አባት ሆኑ፡፡ ችግሩ ልጁ የመንግሥት አደራ ነበርና ወጪውን የሚከፍለው ግምጃ ቤት መሆኑ ነው፡፡ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ እንግሊዝ አገር ተመልሶ በወጉ ይማር አሉ፡፡ ንግሥት ቪክቶሪያ ከስፒዲ መለየቱን አልወደዱትም፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም፡፡ ዓለማየሁ በአሥር ዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አጣ፡፡ እኔን ከመቅደላው ዝርፊያ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፡፡ መቅደላ ጦርነት ነው፡፡ ይህኛው ግን በሰላም ጊዜ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ፣ ለልጁ ይበጃል ተብሎ በደግነት ስም የተደረገ ነው፡፡

በ1872 ቼልተናም ኮሌጅ ገባ፡፡ ርዕሰ መምህሩ ጄክስ ብሌክ በ1874 ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ይዘውት ሄዱ፡፡ ከትምህርቱ ይልቅ ጨዋታው ይሻለው ነበር፡፡ የእናቱ እናት ከሀገር ቤት ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ አማርኛውን አብሮት የሚያወራ ሰው ግን በአጠገቡ አልነበረም፡፡ ቀጥሎ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት፡፡ የንጉሥ ልጅ ነውና ወታደር ይሁን ተብሎ ይሆናል፡፡ አልሆነለትም፡፡ ሰዎች በቀለሙ ምክንያት አፍጥጠው ሲያዩት ይሳቀቅ እንደነበር ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ጽፈዋል፡፡ ሳንድኸርስትን ትቶ ሊድስ ከተማ ወደሚኖሩት የቀድሞ መምህሩ ሲረል ራንሰም ቤት ሄደ፤ እዚያ እንዳለ ብርድ መታውና የሳንባ በሽታ ላይ ጣለው፡፡ መርዝ ሊያበሉኝ ነው በሚል ፍርሃት ምግብና መድኃኒት እምቢ ይል ነበር፡፡ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ፡፡ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፡፡

ንግሥት ቪክቶሪያ አዝነው ዊንዘር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አደረጉ፡፡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የናስ ሰሌዳ እንግዳን ስለመቀበል የሚናገር የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተቀርጾበታል፡፡ ያንን ቃል ማን እንደመረጠው እንጃ፡፡ እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር፡፡

የአክስቴ ልጅ አዳምጣ ስትጨርስ የጠበቅሁትን አላለችም፡፡ ተዉት ይረፍ ባይ ናት፡፡ ከነገሥታት ጋር ተቀብሯል፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተኛን ልጅ አጥንት መቆፈር ምን ይባላል፣ ለሕያዋኑ ስደተኞች ልጆች ብታስቡ አይሻልም ወይ አለችኝ፡፡ ነገሯ ሚዛን የማይደፋ አይደለም፡፡ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ብዙ የራቀ መልስ አልሰጠም፡፡ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 አጽሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ነበር፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ፡፡ የተመለሰው ፀጉር ብቻ ነው፡፡ የአባቱ ቁንዳላ በ2019 ከአንድ የለንደን ሙዚየም፣ የልጁ ደግሞ በ2023 ከስፒዲ ዘመዶች እጅ፡፡

እኔ የመለስኩላት በራሷ ዕድር ነው፡፡ ለንደን ውስጥ በየወሩ የምታዋጣው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፡፡ አባል ሲሞት አስከሬኑን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ነው፡፡ እሷም ብትሞት እናቷ አጠገብ እንድትቀበር ለእህቷ አደራ ብላለች፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች፡፡ ዝም አለች፡፡ ቆይታ እሱ አደራ የሚልበት ሰው አልነበረውማ አለች፤ እንደተስማማች ይሁን እንደተከራከረችኝ እስካሁን አልለየሁም፡፡

ልጁ ጠርሙሱን ይዞ መጣ፡፡ አምስት ቀለም አድርጎታል፤ አረንጓዴ ስላላገኘ ግን የኢትዮጵያ ባንዲራ አልሆነለትም፡፡

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ አስጎብኚውን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው፡፡ ፎቶውን አሳየኋቸው፡፡ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ሲመላለሱ የካሜሮንን ፎቶዎች እንደሚያውቁ፣ የዚህን ልጅ ነገር ግን ልብ ብለው እንደማያውቁ ነገሩኝ፡፡ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ስሙን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፡፡ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በአማርኛ ደገምኩት፡፡ ማምሻውን በኦስቦርን በር ስናልፍ ማይክሮፎኑን አነሱና በ1868 አንድ የኢትዮጵያ ልዑል እዚህ መጥቶ እንደነበር ተናገሩ፡፡ ስሙ ላይ ምላሳቸው ተሳሰረ፡፡ ከተሳፋሪው አብዛኛው ተኝቷል፡፡ ከኋላ ወንበር ግን ልጁ ጮክ ብሎ ዓለማየሁ ብሎ አረማቸው፡፡