ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴና የኢዮቤልዩ ሕግ

ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሏን በምታከብርበት በዚህ ወቅት፥ ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከወዴት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። ምንጩ ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። በዚያ መጽሐፍ በሀያ አምስተኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በኀምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት እንዲነፋ፥ በችግር የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ፥ በድኽነት የተሸጠ ሰውም ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዘዘ። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ከድግስና ከዝማሬ አስቀድሞ የመሬትና የፍርድ ነገር ነው። የአርሲም መሬት ታሪክ ያለ ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ስለማይነገር፥ የእኒህን ስመ ጥር ሰው ሕይወት ከዚህ ሕግ ጋራ አስተያይተን ለአንባቢ ማቅረብን መረጥን።

ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፥ የንጉሥ ኀይለ መለኮት ወንድም፥ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም አጎት ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ ንጉሥ ኀይለ መለኮት ሞቱ፤ ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክና አጎታቸው ዳርጌም ተማርከው ተወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ዳርጌ በዚያው ቀሩ፤ ነፃ የወጡትም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ነው። ከንጉሥ አብራክ የተከፈሉ ሲኾኑ፥ የጐልማስነታቸውን ብዙ ዓመት በሰው እጅ አሳለፉ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከወንድማቸው ልጅ ጋራ ዙፋን ሳይሻሙ በታማኝነት አገለገሉ፤ ሰላሌንም ገዙ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ከኋላ ሸዋን እንዲጠብቁ የተዉት እኒህን አጎታቸውን ነው። በኋላ ዘመን ስማቸው የታወቀው ልዑል ራስ ካሣ ኀይሉም የልጃቸው የወይዘሮ ትሰሜ ልጅ ናቸው። በዘመዳቸውና በንጉሣቸው ዘንድ የታመኑ ሰው እንደ ነበሩ ይህ ይመሰክራል።

ነገር ግን ስማቸው ከአርሲ ጋራ የተሳሰረው በሌላ ምክንያት ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ በአርሲ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ የዘመቻውም ዋና አዝማች ራስ ዳርጌ ነበሩ። አርሲዎች በፈረስና በጦር፥ ሸዋዎች በጠመንጃ ተዋጉ። አርሲዎች አገራቸውን በቀላሉ አልለቀቁም፤ ጦርነቱ ዓመታት ፈጀ። በጳጉሜን ወር 1878 ዓ.ም. በአዙሌ በተደረገው ታላቅ ውጊያ ግን እጅግ ብዙ የአርሲ ሰው አለቀ፥ የአርሲም ኀይል ተሰበረ። በአኖሌ እጅና ጡት ተቈረጠ የሚለው ትውስታ በአርሲ ሕዝብ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ፥ በ2006 ዓ.ም. በዚያ የመታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ።

ከጦርነቱ በኋላ የመሬቱ ነገር መጣ። አገሩ በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተቈጠረ። ሲሶው ለባላባቱ ይቅር ተባለ፤ የቀረው ለመንግሥት፥ ለሹማምንት፥ ለወታደርና ለአብያተ ክርስቲያናት ተደለደለ። ትላንት በገዛ መስኩ ከብቱን ያሰማራ የነበረው ሰው ገባርና ጭሰኛ ኾነ።

በዚያ ዘመን ነገሩን እስራኤል ከነዓንን ከመውረሱ ጋራ ማመሳሰል ይቻላል የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ኦሪት ድል አድራጊውን ያለ ሕግ አልተወችውም። ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት፥ በላይዋ የሚቀመጠውም እንግዳና መጻተኛ ነው ብላ ደነገገች። ለአገር ልጅና ለመጻተኛ አንድ ፍርድ እንዲኾን አዘዘች። የባልንጀራን የወሰን ድንጋይ መንቀል ከለከለች። ንጉሥ ሳኦል የገባዖንን ሰዎች ባስፈጀ ጊዜ፥ እነርሱ ከእስራኤል ወገን ባይኾኑም፥ ስለ ደማቸው በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ራብ ኾነ። ንጉሥ አክዓብም የናቡቴን የወይን ቦታ በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በእርሻው መካከል ቆሞ ወቀሰው፤ ንጉሥ መኾኑ ከፍርድ አላዳነውም።

ከሁሉም ይልቅ ራስ ዳርጌን የሚመለከተው ትእዛዝ ሌላ ነው። ኦሪት እስራኤልን መጻተኛ አታስጨንቁ ስትል ምክንያቷን የምትሰጠው ከራሳቸው መከራ ነው፤ በግብፅ መጻተኞች ነበሩና የመጻተኛን ነፍስ ያውቃሉ። ራስ ዳርጌም ምርኮን ያውቁ ነበር። ምርኮን የቀመሰ ሰው አገር ሲያቀና ከሌላው የበለጠ ምሕረት ይጠበቅበታል፤ በአዙሌ ሜዳ ግን ይህ ምሕረት አልታየም። ሚዛኑ እንዳያደላ ግን ይህንም እንጨምራለን፤ በደሉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የላከ ንጉሥ ነበረ፤ የተደለደለለት ወታደር ነበረ፤ ቤተ ክህነትም ከድልድሉ ድርሻዋን ተቀብላለች። ራስ ዳርጌ በመጋቢት ወር 1892 ዓ.ም. ሲያርፉ የጭሰኛው ቀንበር አልተነሣም።

ኀምሳ ዓመት ሲሞላ በአርሲ ቀንደ መለከት አልተነፋም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲገባ፥ መሬት ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቱም ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ያፈናቅል ጀመር። ለልማት የታሰበው ነገር ለድኻው መሰደጃ ኾነበት። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ፥ የቤተ ክርስቲያንም መሬት በዚያው ሄደ። ከአዙሌ ውጊያ እስከዚያ ቀን ከሰማንያ ስምንት ዓመት በላይ ነው። ይህም ቢኾን ፍጹም ኢዮቤልዩ አልነበረም፤ ኦሪት ርስትን ለየወገኑ ስትመልስ፥ አዋጁ ለገበሬው የመጠቀምን መብት ሰጠ እንጂ ባለቤትነትን ለመንግሥት አደረገ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የሙታንን ሥራ የምንመረምረው ለክስ ሳይኾን ለትምህርት ነው። ዛሬ በአርሲ ደጋ ስንዴውን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው፤ ይሁን እንጂ ከኋላው ቃርሚያ የሚለቅሙ እናቶችና ልጆች አልጠፉም። ኦሪት የእርሻህን ዳር አታጥራው፥ የረሳኸውንም ነዶ ለመበለትና ለድኻ አደግ ተውለት ትላለችና፥ እነርሱን የሚያባርር ሰው ሕጓን ያፈርሳል። የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበል፤ ድኻ ነውና ተስፋው በእርሷ ላይ ነው። ወንድም የወንድሙን ድንበር በሌሊት አይግፋ። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት እንደ ተቀበሉ፥ እኅቶቻችንም ከውርስ አይገፉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ ቀድሞ የነበረውና በኋላ የመጣው፥ በአንድ ገበያና በአንድ ችሎት ሲገናኙ ፍርዱ አንድ ይኹን።

ይህን ስናደርግ በዓላችን ስሙን የሚገባው ኢዮቤልዩ ይኾናል። ምድሪቱ የእርሱ የኾነች አምላክ፥ በላይዋ የምንቀመጠውን እንግዶቹን በምሕረቱ ይጠብቀን። አሜን።