በአንድ ቀን ሚሊዮን ዶላር ያተረፈው ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? የጄሲ ሊቨርሞር ታሪክ

ትሬዲንግ የሚያስተምሩ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ይህን ስም ሳትሰሙት አትቀሩም። በ1929 የአሜሪካ ገበያ ሲፈርስ፣ ሀብታሙ ሁሉ ሲያለቅስ፣ እሱ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፈ ይወራል። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። እኛ ዛሬ እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 የጠመኔው ልጅ

ጄሲ ሊቨርሞር በ1877 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ትምህርቱን ትቶ እርሻ ላይ እንዲያግዘው ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን ቁጥር ላይ እሳት ነበር። እናቱ ጥቂት ገንዘብ በድብቅ ሰጥታ ሸኘችው ይባላል። በ14 ዓመቱ ቦስተን ገብቶ ፔይን ዌበር በሚባል የአክሲዮን ድርጅት ሥራ አገኘ። ሥራው በሽቦ የሚመጣውን የአክሲዮን ዋጋ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ ነው። ያኔ ስክሪን የለ፣ አፕ የለ፤ ቻርቱ እሱ ራሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ልጁ ቁጥሮቹን ጽፎ ብቻ አልተወም፤ ደብተሩ ላይ ይገለብጣቸው ጀመር። ዋጋው ከመውጣቱ ወይም ከመውረዱ በፊት የሚደጋገም ነገር እንዳለ አስተዋለ። በ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ውርርዱን ገባ። ትርፉ 3 ዶላር ከ12 ሳንቲም።

🔹 ያው ልጅ፣ ሌላ ሜዳ

በዚያ ዘመን ባኬት ሾፕ የሚባሉ ቤቶች ነበሩ። ስማቸው የአክሲዮን ቤት ይሁን እንጂ ዛሬ ሰፈራችን ካለው ቤቲንግ ቤት ብዙም አይለዩም። አክሲዮን የሚገዛ የለም። ይወጣል ወይም ይወርዳል ብለህ ታስይዛለህ፤ ከተሳሳትክ ብሩ የቤቱ ነው። ዋጋው ትንሽ እንኳ ወደማትፈልገው አቅጣጫ ከሄደ ያስያዝከው በሙሉ ይበላል። ሊቨርሞር እነዚህን ቤቶች ስላሸነፋቸው አንድ በአንድ አናስተናግድህም አሉት። ስሙን እየቀየረ ጭምር ይገባ ነበር።

ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ እውነተኛው ገበያ ሄደ። ተበላ። ለምን? ባኬት ሾፕ ውስጥ ሰሌዳው ላይ ባየኸው ዋጋ ወዲያው ትገባለህ። ዎል ስትሪት ላይ ግን ትእዛዝህ እስኪደርስ ዋጋው ተቀይሮ ይጠብቅሃል። በ1901 ወደ 50,000 ዶላር አድርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ አጣው። ዴሞ ላይ አሪፍ ሆኖ የራሱ ብር ሲገባ የተበላ ሰው ይህ ነገር በደንብ ይገባዋል።

🔹 የ1907 ንጉሥ፣ የ1908 ባለዕዳ

ቀስ በቀስ ተማረ። ዝናው የወጣው ግን በሾርት ነው። ሾርት ማለት በአጭሩ አክሲዮን ተበድረህ በ100 ትሸጣለህ፤ ዋጋው 60 ሲገባ ገዝተህ ትመልሳለህ፤ 40ው ያንተ። ከ60 ይልቅ 150 ከገባ ግን 50 ከኪስህ ነው። በ1907 አሜሪካን ፍርሃት ሲንጣት ሊቨርሞር በአንድ ቀን ብቻ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አተረፈ። ገበያው ጨርሶ እንዳይወድም ታላቁ ባንከር ጄ ፒ ሞርጋን መሸጡን እንዲያቆም ሰው ልኮ እንዳስለመነው ይተረካል። ያኔ ገና 30 ዓመቱ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው ወደ ጥጥ ገባ። የራሱን ሕግ ትቶ የሌላ ሰው ምክር ሰማ። የሚያተርፍበትን ሸጦ የሚከስርበትን እየጨመረ ገዛ። ሚሊዮኖቹ ጠፉ፤ ዕዳ ተተካ። በ1915 በፍርድ ቤት መክሰሩን አስመዘገበ። ግን ሰውዬው ወኔ ነበረው፤ ገበያው ሲመለስለት፣ ሕጉ ሳያስገድደው፣ የአበዳሪዎቹን ዕዳ በ1917 ከፍሎ ጨረሰ።

🔹 100 ሚሊዮኑ የት ገባ?

በ1923 ኤድዊን ሌፌቭር የተባለ ጸሐፊ የእሱን ሕይወት መሠረት አድርጎ መጽሐፍ አወጣ። ትሬደሮች ዛሬም ያነቡታል። ከዚያ 1929 መጣ። ጥቅምት ላይ ገበያው ሲደረመስ እሱ ሾርት ይዞ ነበር። በዚያ ምሽት ቤተሰቡ የከሰረ መስሏቸው ዕቃ ሸክፈው እንደጠበቁት ይወራል፤ እሱ ግን በሕይወቱ ትልቁን ትርፍ ይዞ ነው የገባው።

አምስት ዓመት አልቆየም። በ1934 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ እንደገና ከሰረ። 100 ሚሊዮኑ በዝርዝር እንዴት እንዳለቀ ዛሬም ያከራክራል። በ1940 መጀመሪያ ላይ ስለ አክሲዮን ንግድ የራሱን መጽሐፍ አሳተመ። ከረጅም ጊዜ ድብርት በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ በ63 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

🔹 ታዲያ በዚህ ሥራ ሁልጊዜ ማትረፍ ይቻላል?

አስቡት፤ ሊቨርሞር ደንቦቹን አያውቅም አይባልም። ኪሳራን ቶሎ ቁረጥ፣ በሚከስር ላይ አትጨምር፣ የሰው ጥቆማ አትስማ፤ እነዚህን ለዓለም ካስተማሩት አንዱ እሱ ነው። የከሰረው ያስተማረውን ራሱ ሲጥስ ነው። ትልቅ ማትረፍ አንድ ነገር ነው፤ ያተረፉትን ይዞ መቆየት ሌላ። ደግሞ በብድር ስትነግድ አሥር ጊዜ ትክክል ብትሆንም አንዷ ስህተት ሁሉንም ይዛው ልትሄድ ትችላለች።

ዘመኑ ተቀይሯል ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ይኸው። ታይዋን ውስጥ ከ1992 እስከ 2006 ድረስ የዕለት ትሬደሮች መዝገብ ሲጠና፣ ኮሚሽን ተቀንሶ በአስተማማኝ ሁኔታ ያተርፋሉ የተባሉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ብራዚል ውስጥ በ2013 እና 2015 መካከል የጀመሩ ሰዎች ሲጠኑ፣ ከ300 ቀን በላይ ከቆዩት ውስጥ ከመቶ 97ቱ ከስረዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሞክረው የተዉት አይደሉም፤ የጸኑት ናቸው።

ስለዚህ አይቻልም አንልም፤ የሚችሉ አሉ፤ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ነገ አንዱ የትርፍ ስክሪንሾት ልኮ ተመዝገቡ ሲላችሁ የዚህ ወር ትርፉን ሳይሆን ኪሳራውን ጨምሮ የአምስት ዓመቱን ሙሉ ታሪክ ጠይቁት። የእናታችሁን ዕቁብ ወይም የተበደራችሁትን ብር ግን አታስገቡ።

ብር ተበልቶባችሁ ጭንቅ ውስጥ ያላችሁም ካላችሁ ብቻችሁን አትያዙት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ብር ይመለሳል፤ ሊቨርሞርም ስንቴ መልሶታል። ሕይወት ግን አይመለስም።

ትሬዲንግ ልጀምር ለሚል ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏