አቡነ ያዕቆብ፣ በእንግድነት የመጡት እረኛ

ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን አባቶቻችን የሚያውቋቸው አቡነ ያዕቆብ በሚለው ስም ነው። በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል መንደር በ1800 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። በ18 ዓመታቸው የላዛሪስት ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ1824 ዓ.ም. ክህነት ተቀበሉ።

በ1839 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብተው በዓድዋ ተቀመጡ። በ17ኛው መቶ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ የፈሰሰው ደም ገና አልተረሳምና ካቶሊክ የሚለው ስም ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ስለዚህም ለመስበክ አልተጣደፉም። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለብሰው በድህነት ኖሩ፤ የግዕዙንም ሥርዓተ ቅዳሴ አከበሩ። የሥራችንን ፍሬ በተጠማቂዎች ቍጥር ብቻ ለመመዘን ለምንቸኩል ለእኛ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህ ትዕግሥት እንግዳ ሳይሆንብን አይቀርም።

በ1841 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። የሚመጣው ጳጳስ ለሥራቸው እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነበር። እርሳቸው ግን መልእክተኞቹ ሮምን ደግሞ እንዲጎበኙ ለምነው ጉዞውን ተቀበሉ። ከተጓዦቹ አንዱ የመርጡለ ማርያሙ ሊቅ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ እውነትን ከገዳም ገዳም ሲፈልጉ የኖሩ፣ የውጭውን ካህን ግን የማያምኑ ሰው። አብረው ካይሮን፣ ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ። በክርክር የተረታ አልነበረም፤ አባ ገብረ ሚካኤል የሰውየውን አኗኗር በመንገድ ተመለከቱ፤ በ1844 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

በካይሮ የተሾሙት አቡነ ሰላማ፣ አቡነ ያዕቆብ እንዲመጡ የደከሙላቸው ጳጳስ፣ ኋላ ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑባቸው። በ1849 ዓ.ም. አቡነ ማሳያ በምጽዋ በስውር የጵጵስና ማዕርግ ሰጧቸው። እርሳቸውም በ1851 ዓ.ም. በስተርጅና ላይ ለነበሩት ለአባ ገብረ ሚካኤል ክህነት ሰጡ። ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። በ1854 ዓ.ም. ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ፤ ጳጳሱ ከአገር ተባረሩ፤ ደቀ መዝሙራቸው በማግሥቱ ዓመት በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። አባት ልጁን ሳይቀብር ቀረ።

አቡነ ያዕቆብ ግን አገሩን አልተዉም። በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በንዳድ እየተሠቃዩ ከምጽዋ ቆላ ወደ ሐላይ ደጋ ጉዞ ጀመሩ። በወሩ 31ኛ ቀን፣ በአሊጌዴ ሸለቆ በመንገድ ላይ፣ ልጆቻቸው ከብበዋቸው ነፍሳቸውን ሰጡ። አስከሬናቸውን ተሸክመው በሔቦ ቀበሯቸው።