ከመሃል የሚወጣውን ካርታ ፍለጋ፦ የዳይ ቨርነን ሕይወት

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ኮንካን፣ ከድንበሩ ወዲህ በመተማ ደግሞ ኮንከር የሚጫወቱ ሰዎች አንድ ልማድ ይጋራሉ። አንዱ ካርታውን ይበውዛል፤ ሌላው ለሁለት ይቆርጠዋል፤ የሚታደለው ከዚያ በኋላ ነው። መቁረጡ የተጫዋቾች ዋስትና ነው። አዳዩ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ከላይ ደርድሮ ቢሆን እንኳ፣ የደረደረው ሁሉ ሲቆረጥ መሃል ገብቶ ይቀበራል።

ይህን ዋስትና የሚያፈርስ እጅ ይኖር ይሆን? በካርታ ምትሃት ታሪክ ስመ ጥር የሆነው ዳይ ቨርነን ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ተንከራቷል።

ቨርነን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1894 በካናዳ ኦታዋ ተወለደ። የመጀመሪያውን ምትሃት የተማረው ገና በልጅነቱ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለፉትን ዓመታት እንደ ባከኑ እንደሚቆጥራቸው እየቀለደ ይናገር ነበር። መምህሩ በ1902 በቺካጎ የታተመ አንድ መጽሐፍ ነበር። ኧርድኔዝ በሚል ስም የተጻፈው ይህ መጽሐፍ የቁማርተኞችን የእጅ ቅልጥፍና በዝርዝር ያስረዳል፤ የደራሲው ትክክለኛ ማንነት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብላቴናው ቨርነን መጽሐፉን በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ደጋግሞ አነበበው።

ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ እንጀራው መቀስ ነበር። ከፊቱ የተቀመጠን ሰው ገጽታ ከጥቁር ወረቀት ቀርጾ ይሸጥ ነበር። ልቡ ግን ከካርታው አልተለየም።

በ1922 በቺካጎ ከታዋቂው ሃሪ ሁዲኒ ጋር ተገናኘ። ሁዲኒ አንድን ምትሃት ሦስት ጊዜ ካየ ምሥጢሩን እንደሚደርስበት ይናገር ነበር። ቨርነን ሁዲኒ ምልክት ያደረገበትን ካርታ ከሌሎቹ መካከል አስገባ፤ ካርታው ተመልሶ ከላይ ተገኘ። ይህንኑ ደጋግሞ ቢያሳየውም ሁዲኒ ምሥጢሩን ማወቅ አልቻለም።

ትልቁ ፍለጋ የተጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1932 ቨርነን በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ እስር ቤት ውስጥ ያገኘው አንድ ቁማርተኛ፣ ከካርታው መሃል የሚያድል ሰው ማየቱን ነገረው። ቨርነን ጆሮውን ማመን አቃተው። ከሥር ማደል የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ ከመሃል ማደል ግን በባለሙያዎች ዘንድ እንኳ የማይሆን ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። የሚቻል ከሆነ ካርታ መቁረጥ ከእንግዲህ ማንንም አይጠብቅም ማለት ነው።

ቨርነን ይህን ሰው ፍለጋ ወደ ካንሳስ ሲቲ አቀና። የቁማር ቤቶችን ሰዎች እየጠየቀ በመጨረሻ ሚዙሪ ውስጥ ፕሌዘንት ሂል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። አይስክሬም የያዘች አንዲት ልጅ ቤቱን እንዳሳየችውም ይተረካል። የሚፈለገው ሰው አለን ኬኔዲ ይባላል።

ኬኔዲ ካርታውን ይዞ አሳየው። ካርታውን የያዘው እጅ ጣቶች ከመሃል አንዷን ገፍተው ያወጣሉ፤ ሌላው እጅ ከላይ እንደሚያነሳ ሆኖ ይቀበላታል። አስቸጋሪው ግን ማውጣቱ ብቻ አይደለም። የእጁ ፍጥነትም ሆነ የካርታው ድምፅ ከተለመደው አስተዳደል ቅንጣት ታህል መለየት የለበትም። ኬኔዲ ይህን ያዳበረው ለዓመታት ለብቻው ተለማምዶ ነው። ቨርነንም ከእሱ ተማረ።

አጭበርባሪ ቁማርተኛ የሚሳካለት ምንም ነገር እንደተፈጠረ ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው። ምትሃተኛ ደግሞ የማይሆን ነገር በዓይኑ ፊት ሲሆን ያየ ተመልካች ያስፈልገዋል። ቨርነን ከቁማርተኞቹ የወሰደው ገንዘቡን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነበር። እጅ ሲደብቅም ሆነ ሳይደብቅ አንድ ዓይነት ሆኖ መታየት አለበት የሚለው ትምህርቱ ከእሱ በኋላ የመጡትን ምትሃተኞች ቀርጿል።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ቨርነን ቋሚ ሥራ የሚወድ ሰው ባለመሆኑ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ብዙ ችግር ተጋርተዋል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከከፍታ ወድቆ ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ። ሲያገግም ግን ወደ ካርታው ተመለሰ።

ከ1963 ጀምሮ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የምትሃተኞች ማኅበር፣ ማጂክ ካስል፣ ተቀምጦ ወጣቶችን አስተማረ። ፕሮፌሰር ብለውም ጠሩት። በ1992፣ በ98 ዓመቱ አረፈ። ከኬኔዲ የተማረው ጥበብ ዛሬም ጥቂቶች ብቻ በሚገባ የሚሠሩት፣ ተጫዋቾችም ከቆረጡ በኋላ የአዳዩን እጅ መመልከት እንዳይተዉ የሚያስገድድ ነው።