የሐኪሙ የፊሊፕ ፒኔል የሕይወት ታሪክ

በሶዶ ከተማ በሰፈራችን፣ ከእንሰቱ ተክል ጀርባ በነበረች ጎጆ ውስጥ፣ አእምሮው የታወከ ወጣት በገመድ ታስሮ ይኖር ነበር። እናቱ ጨካኝ አልነበረችም፤ እያጎረሰችው ታለቅስ ነበር፤ ያሰረችውም ሌላ መላ አጥታ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ የእብደት መድኃኒቱ ገመድ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ የፒኔል ታሪክ ስለ ሆነ ለአንባቢዎች በአጭሩ አቀርባለሁ።

ፊሊፕ ፒኔል በ1745 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ ፈረንሳይ ተወለደ። አባቱ ቁስል አካሚ ነበር። እሱም በቱሉዝ ተምሮ በ1773 የሐኪምነት ዲግሪ ተቀበለ። ነገር ግን ዲግሪው በፓሪስ ዋጋ ስላላገኘ፣ ብዙ ዘመን መጻሕፍት እየተረጎመ ኖረ። በዚህ መካከል አንድ ወዳጁ አእምሮው ታውኮ ሞተበት። ኀዘኑም ይህን ሕመም እንዲመረምር አነሣሣው።

በ1793 ቢሴትር በሚባለው የፓሪስ ሆስፒታል ተሾመ። በዚያም የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። የሕሙማኑ አለቃ ፑሳን ዲግሪ የሌለው፣ ቀድሞም በዚያው ቤት ታክሞ የነበረ ሰው ነው። ሠራተኞቹ በሽተኛ እንዳይመቱ ይከለክል ነበር። ፒኔል ከእርሱ መማርን አላፈረበትም፤ ከሕሙማኑም ጋር ተቀምጦ እያነጋገረ ታሪካቸውን ይጽፍ ነበር።

ሰንሰለቱን መጀመሪያ የፈታው ፒኔል ነው ተብሎ ይወራል፤ ሥዕልም ተሥሎለታል። እውነቱ ግን በ1797 በቢሴትር የፈታው ፑሳን ነው። ፒኔል በ1795 ሳልፔትሪየር ወደሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ተዛውሮ ነበር፤ ኋላም በዚያ እንዲሁ አደረገ፤ የፑሳንንም ውለታ በመጽሐፉ መሰከረ። ሆኖም ማስገደድ ፈጽሞ አልቀረም፤ የሚያውክ በሽተኛ እጅ የሚይዝ የሸራ ልብስ ይለብስ ነበር። ፒኔል በ1826 ሞተ።

እሱ የጀመረው ሥራ ገና አላለቀም። አገራችን በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ተቀብላለች፤ የአእምሮ ሕመምተኛም ሳይጠየቅ እንዳይታከም መብት አለው።

የጎረቤታችንን ልጅ ወንድሙ ወደ ሆስፒታል በወሰደው ጊዜ አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ አስቀድማ ገመዱን አስፈታች፤ ቀጥላም ወንድሙን ትታ ራሱን ስሙን ጠየቀችው። ቀስ ብሎ መለሰ። እኔ በዚያ ሰፈር ስኖር ስሙን ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በየሰፈራችን የታሰረ ቢኖር፣ ገመዱን ከማየታችን በፊት ሰውየውን እንይ።