አስናቀች ወርቁ፡ እያጨበጨቡ የናቋት ባለ ክራር

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ ድርሰቱ የሴት ገጸ ባሕርይ ካለችበት ቀሚስ የሚለብሰውና ሻሽ የሚያስረው ወንድ ተዋናይ ነበር። ሙሽራዋም፣ እናትየዋም፣ ከዳተኛዋ ሚስትም ወንዶች ናቸው። ጨዋ የሚባል ቤተሰብ ሴት ልጁን ለመድረክ አይሰጥም ነበርና፣ ተመልካች የሚያያት ሴት ወንዶች የሚያስቧት ዓይነት ሴት ነበረች።

ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች መካከል በቀዳሚነት የምትጠቀሰው አስናቀች ወርቁ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው አስናቀች መድረክ ላይ የወጣችው ገና በወጣትነቷ ነው። በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት፣ ተዋናይት፣ ድምፃዊትና ክራር ተጫዋች ሆና ለረጅም ዓመታት ሠርታለች።

ክራሩ ነገሩን አባባሰው። በአገሬው አመለካከት በገና የዳዊት መሣሪያ ነው፤ መኳንንትና ካህናት ለጾምና ለጸሎት ይደረድሩታል። ክራር ግን የጠጅ ቤትና የፍቅር መሣሪያ በመሆኑ ከሰይጣን ጋር ስሙ ይነሳ ነበር። ሴት ስትይዘው ሐሜቱ ለእሷም ይተርፋል። አዝማሪ የሚለው ቃል ሥሩ ከመዘመርና ከማመስገን ቢመዘዝም፣ በዚያ ዘመን ስድብ ነበር፤ ለወንዱ ሙያውን ማንኳሰሻ፣ ለሴቷ ግን ክብረ ንጽሕናዋንም መጠርጠሪያ። ማታ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚያጨበጭበው ሰው፣ ጠዋት የመድረክ ሴት ለልጁ ሚስት ትሁን ቢባል የሚሸማቀቅ ነበር።

በዘፈኑ ውስጥስ ሴቷ ማን ናት? አብዛኛው የአማርኛ የፍቅር ዘፈን ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገትና ወገብ እየነጣጠለ ያወድሳል፤ ውዳሴው ሲያበቃ ደግሞ ክህደቷን ይከሳል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ አንቺሆዬ መባሉ በአጋጣሚ አይመስልም፤ ስሙ ራሱ ወደ ሴት የሚወረወር ጥሪ ነው። በዘመናዊ ኦርኬስትራዎች ፊት የቆሙ ብዙ ድምፃውያት እንኳ ያዜሙት ወንዶች የጻፉላቸውን ግጥም ነበር።

አስናቀች ከዚህ የተለየችው በዜማ ውበት ብቻ አይደለም። ክራሯን ታቅፋ፣ ከሕዝብ የወረሰችውን ስንኝ ከራሷ ጋር እያዋሐደች ስታዜም፣ የምትወደው፣ የምታኮርፈው፣ የምታሾፈውና የምትተወው ሴቷ ራሷ ነበረች። በእሷ ዘፈን ሴት የምትታይ ብቻ ሳትሆን የምታይም ናት። ቀሚስ የለበሰውን ወንድ ከመድረክ ከማስወረድ ይልቅ ይህ ሳይከብድ አልቀረም።

የስድቡ ስም ከዘመኑ ጋር አላለፈም። ከጂቡቲ ከተማ መሃል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘውና ርቀቱን ስሙ ባደረገው ፔካ 12፣ ከወደብ ጭነት የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ያርፋሉ። የአማርኛ ዘፈን ከጋቢናውም ከቡና ቤቱም ይሰማል። ድንበር ተሻግረው በዚያ በመስተንግዶ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት፣ ዘፈኑ ወገባቸውን ሲያወድስ፣ የቡና ቤት ሴት የሚለውን መጠሪያ ግን እስከ አገር ቤት ድረስ ይሸከሙታል። አሽከርካሪው በዚያው መንገድ ሲመለስ የሚከተለው ስም የለም።

በአገራችን ወግ የተከበረች ሴት የቤት እመቤት ትባላለች፤ አስናቀች በወጣትነቷ ይህ ማዕረግ የሚሰጣት ዓይነት ሴት ሆና አልታየችም። እ.አ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ የታተመው የኢትዮፒክስ 16ኛ ቅጽ ግን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሥራዎች የተሰጠ ሲሆን፣ ርዕሱም ባለ ክራሯ እመቤት የሚል ትርጉም አለው። በሕይወቷ ላይ የተሠራው አስኒ የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ ግን እሷ አልነበረችም። አስናቀች ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው።