ብሩስ ያልተጠረጠረበት ቦታ

አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለክፍላችን የግድግዳ ጋዜጣ ዜና ለቃሚ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ካፌ ውስጥ የሚሠሩ አንዲት እናት ጠሩኝና፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የሚጣለውን አጥንት እንደሚለቅም ነገሩኝ። ሳቄ መጣ። ግቢያችን እኮ ከተማ መሀል፣ አስፋልት ዳር ነው! ደግሞም እሳቸው ወሬ ያሳምራሉ ይባል ነበር። እሺ እትዬ፣ አጣራለሁ ብዬ ሄድኩ፤ አላጣራሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥበቃዎች ቀዳዳውን በድንጋይ ሲደፍኑ ደረስኩ። ጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ ያየሁት ያኔ ነው። ከዶርሜ እስከዚያ ድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ያኔ ጠንቃቃ ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። ለካ ምንም ሳልመረምር ውሸት ነው ብዬ ፈርጃለሁ።

ዘንድሮ መምህራችን ከሞተ የቆየ የታወቀ ሰው ሕይወት ጽፋችሁ አምጡ፣ የማንንም ንግግር በጥቅስ እንዳታስገቡ ሲሉን ወዲያው ትዝ ያለኝ ጄምስ ብሩስ ነው። ስሙን ሁላችንም ከታሪክ ትምህርት እናውቀዋለን፤ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ያለው ስኮትላንዳዊ። አገሩ ሲመለስ ሰው ውሸታም ብሎ እንደሳቀበት ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪናይርድ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። እንግሊዝ አገር ሃሮ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ኤዲንብራ ሕግ ጀምሮ ተወው፣ በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ በሽታ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሰውየው አንድ ቦታ መርጋት አልሆነለትም። አረብኛ አጠና፣ ግዕዝም ጀመረ። በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ሄደ። እዚያ እያለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ የሆነ ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። ይህን ስም አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሱ። በአድዋና በአክሱም አድርገው በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። ጊዜው ክፉ ነበር። አፄ ኢዮአስ ከተገደሉ ገና አንድ ዓመት አልሞላም፤ ዙፋኑ ላይ ያሉት ልጅ እግሩ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት፣ ሥልጣኑን የያዙት ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። በዚያ ላይ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ይዟል። ብሩስ የተማረ ሐኪም ባይሆንም ለጉዞው ብሎ ትንሽ ሕክምና ቀስሞ ነበርና ቁስቋም ወደሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ተጠራ። የታፈኑትን ክፍሎች ከፍቶ ነፋስ አስገባ፣ አጠነ፣ ተከታተለ። ከታመሙት የዳኑ ስለነበሩ የእቴጌይቱና የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ወዳጅ ሆነ። ጎንደሬዎች ያዕቆብ ይሉት ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሚያልፍ፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ፈረስ የሚጋልብና ጠመንጃ የሚችል ሰው ስለነበር ተረስቶ የሚቀር ዓይነት አልነበረም።

ከአንድ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ አጠገብ ቆሞ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጽዋ አነሳ። ውሃ በጽዋ፣ ንጉሡም የሉ! ብቻ ለእሱ የሕይወቱ ትልቅ ሰዓት ነበር።

በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወረደ። የኑቢያ በረሃ ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ግመሎቹ አለቁ፤ ማስታወሻውን፣ ሥዕሎቹን፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ደህና ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይተኛል። እሱ ግን ግመል ተከራይቶ ወደዚያው በረሃ ተመለሰና ወረቀቶቹን ለቅሞ አመጣ። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ከታሪኩ ሁሉ የምቀናበት ይሄን ነው። ወረቀቶቹ በኋላ ምን እንዳደረጉት ግን ቆይቼ ልንገራችሁ።

በ1774 ለንደን ገባ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሊያየው ይሽቀዳደም ነበር። እሱም ያየውን ተናገረ፤ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላበት ግብር፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ። በተለይ አንዱ ታሪክ ለንደንን አናወጠ። በአክሱም አካባቢ ሲጓዝ ወታደሮች ከቆመች ላም ታፋ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳውን መልሰው ሸፍነው ላሟን ሲነዱ አየሁ አለ። በቃ፣ ሳቅ ሆነ። እኛ አገር የማያውቁት አገር የሄደ ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ለንደኖች ያሰቡት ልክ እንደዚያ ነው፤ ማንም ካላየው አገር መጥቶ ቁርበት የሚያስነጥፍ።

ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ታላቁ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ወጣት ሳለ የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሟል፤ በ1759 ደግሞ ራስላስ የሚባል ስለ አንድ የአቢሲንያ ልዑል የሚተርክ ልቦለድ ጽፏል። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠየቀው እሱ ነበር። ኢትዮጵያን ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የብሩስ አነጋገር ጥርት ያለ ስላልመሰለው ሰውየው መሄዱንም እስከ መጠራጠር ደረሰ። ጆርጅ ሴልዊን የሚባል የፓርላማ አባል ደግሞ ቀልድ አወጣለት። በእንግሊዝኛ ክራር የመሰለው ባለ አውታር መሣሪያና ውሸታም የሚለው ቃል ሁለቱም ላየር ተብለው ነው የሚነበቡት። ብሩስ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ላየር አይቻለሁ ሲል፣ ሴልዊን አንተ ከወጣህ ወዲህማ አንድ ጎድሏል የሚል ነገር ጣል አደረገ። ቀልዱ ከተማውን ዞረ። እንደ ማስረጃ የሚቆጠር ነገር ግን በውስጡ የለም፤ ማንም አልመረመረም፣ ማንም አልሄደም።

ብሩስም ኩሩ ነበርና ማስረዳት ትቶ አኮረፈ። ኪናይርድ ገብቶ በ1776 እንደገና አገባ። ቤቱ የመጣ አንድ እንግዳ ጥሬ ሥጋ መብላት አይቻልም ብሎ ቢሟገተው፣ ጥሬ ሥጋ ቀምሞ አቅርቦ ወይ ብላ ወይ ተታኮሰኝ አለው ብለው የሚተርኩ አሉ። ታሪኩ ደስ ይላል። በመጽሐፍ የወጣው ግን እሱ ከሞተ ከረጅም ዓመታት በኋላ ስለሆነ እኔ ይባላል በሚለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሁለተኛ ሚስቱም በ1785 ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብሎ ጉዞውን የጻፈው፤ አምስት ትልልቅ ጥራዝ፣ 1790። ከግሽ ዓባይ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። መጽሐፉ ተሸጠ፣ ሳቁም ቀጠለ። በ1792 የዋሾው የባሮን ሙንካውዘን ተረቶች ተከታይ ሲታተም መታሰቢያነቱ በፌዝ ለብሩስ ሆነ። በሚያዝያ 1794 አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ያን ሁሉ በረሃ አልፎ!

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። ስለ ጥሬ ሥጋ ከእኛ መሀል ምስክር የሚያስፈልገው አለ? ማንኛውም ልኳንዳ ቤት ገብቶ ቁርጥ ያዘዘ ሰው ይመሰክራል። ለብሩስ ያቃጠለውን ተቅማጥ ያዳነለትን ዛፍም ጽፎ ሥሎ አምጥቷል፤ ዋጊኖስ ነው፣ አገር የሚያውቀው። የሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ ብሩሲያ ተብሎ በእሱ ይጠራል። ከጎንደር ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ ይዞ ተመልሷል። ኤውሮፓ ይህን መጽሐፍ ሙሉውን ከጠፋባት ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር፤ በግዕዝ ብቻ ነው ሙሉው የቆየው። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። አገሩን ያልረገጠ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ለንደኖች ከፈለጉ ሄደው መዳሰስ ይችሉ ነበር።

የላሟ ነገር ከባድ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼም አይቼም አላውቅም፤ ሳነበውም ደስ አላለኝም፣ አገሬን የሰደበ መሰለኝ። ግን አለመውደዴ ማስረጃ አይሆንም። ከብሩስ በኋላ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት መጀመሪያ ላይ ይህን የብሩስን ቃል አልተቀበለም ነበር። ኋላ ግን እዚሁ አገር ቀርቶ ይኖር የነበረው ናትናኤል ፒርስ ከወታደሮች ጋር ሲጓዝ ይህንኑ ማየቱን ነገረውና ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ አሰፈረው። ሲቃወም የነበረ ሰው የሚያፈርሰውን ወሬ ራሱ ሲያትም ክብደት አለው። ስለዚህ የተራበ ወታደር መንገድ ላይ አደረገው ቢባል እቀበላለሁ። ብሩስ ግን እዚያ አላቆመም፤ በትልልቅ ግብዣም እንደዚያው ይደረጋል እያለ አሰፍቶ ጽፏል። ይሄኛውን በመንገዱ ምስክር ልቀበለው አልችልም።

አሁን ባሉጋኒ። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ሠዓሊው ጎንደር ታሞ የሞተው ከግሽ ጉዞ በፊት ይመስለዋል፤ ብሩስ የጻፈው እንደዚያ ነዋ። ምንጩ አጠገብ ያለ ኤውሮፓዊ እሱ ብቻ ነው። ሥዕሎቹም የራሱ ተደርገው ቀረቡ። ነገር ግን ያ ከበረሃ ተመልሶ የለቀመው ወረቀት ውስጥ የባሉጋኒ የእጅ ጽሑፍም አለ። ሰውየው ሞተ ከተባለ በኋላ አየሩን እየመዘገበ፣ ወደ ምንጩ የሄዱበትን መንገድ እየጻፈ ነው። ባሉጋኒ ግሽ ዓባይ ነበረ፤ ጎንደር ላይ የሞተው ከዚያ በኋላ በ1771 ነው። ብሩስን ከውሸታምነት ያዳኑት ወረቀቶች ናቸው መልሰው ያጋለጡት።

መጀመሪያ ደርሻለሁ ያለውም እንዲሁ ነው። የግሽ ሰው ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብረው መኖሩ ይቅርና፣ ከኤውሮፓ እንኳ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 አይቶታል፣ ጽፎታልም። ብሩስ ይህን ያውቅ ነበር። አምኖ እንደመቀበል የፓኤዝን መጽሐፍ በእጅ ጽሑፍ አገላብጬ ይህን ታሪክ አላገኘሁበትም ብሎ ካደ። የፓኤዝ ሥራ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታትሞ ወጣ፤ ታሪኩ እዚያው ውስጥ ነው። ለንደን በእሱ ላይ የፈጸመችውን እሱ በሞተ ሰው ላይ ፈጸመው። እዚህ ላይ ሳነብ ተናደድኩበት።

የሚገርመው ለንደን በሥጋውና በክራሩ ስትስቅ ይህን ማንም አለመጠየቁ ነው። ብቻውን ቆሞ ጽዋ የሚያነሳ ጀግና ለጆሮ ጥሩ ነው፤ አይጎረብጥም። የሚጎረብጠው የላሟ ታፋ ነበርና ሁሉም እዚያ ላይ ተረባረበ። ሥዕሎቹን ማን ሣላቸው ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ምን ይመልስ ነበር እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ካፌ ሄጄ እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ነገሩን ረስተውታል፤ ይልቅ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ሌላ ቀዳዳ ተከፍቷል፣ አሁንም ይገባል ልጄ አሉኝ። አንድ የክፍሌን ልጅ ባትሪ አስይዤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እዚያ ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በቀዳዳው የገቡት ሁለት ውሾች ብቻ ናቸው። ግድግዳ ጋዜጣው ላይ በዚያ ሌሊት ሁለት ውሻ አየን ብለን ጻፍን፤ ከሥሩ የሁለታችንንም ስም አደረግን።